ዶሴው ሲዘጋ ፍለጋውም ቆመ

የሰፈራችን እድር አሮጌውን የአባላት መዝገብ ወደ አዲስ ለመገልበጥ ሲወስን፣ ጸሐፊው እኔን ለእገዛ ጠራኝ። እሱ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። በየአባሉ ስም ሥር የቤተሰቡ ዝርዝር ሰፍሯል። የሞተው በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ በጎኑ ቀኑና ለሐዘንተኛው የተከፈለው ገንዘብ ተጽፏል። አንድ ገጽ ላይ ስንደርስ ጸሐፊው ማንበቡን አቆመ። አባትየው ተሰርዘዋል፤ እናትየዋም ተሰርዘዋል። በ1970 ዓ.ም. ከከፍተኛው (የያኔው የከተማ አስተዳደር እርከን) እስር ቤት የት እንደተወሰደ ያልታወቀው ልጃቸው ግን አልተሰረዘም።

«እሱን ምን ላድርገው?» አለኝ።

እድሩ ለዚህ ልጅ ድንኳን አልተከለም፣ ለቀስተኛም አልተቀመጠለትም። ሞተ ብሎ ለእድሩ ያመለከተ ሰው የለማ! እኔም መልስ ስላጣሁ ስሙን እንዳለ ገለበጥኩት። ጉዳዩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ የልጁን እህት ፍለጋ የሄድኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁኝ እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። ሰባን ተሻግረዋል። ወንድማቸው ሲታሰር ኮረዳ ነበሩ።

«ምሳ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። እናቴ እዚያ በር ስትደርስ ጉልበቷ ይከዳታል። ሳህኑን ይቀበሉኛል፣ የትናንቱን ይመልሱልኛል። ሳህኑ ባዶውን ከመጣ በልቷል ማለት ነው። በልቷል ማለት ደግሞ አለ ማለት ነው። አንድ ማክሰኞ ሽሮው እንደሄደ ተመለሰልኝ። እንጀራው እንኳ አልተገለጠም። ዘበኛው ‹ከእንግዲህ አታምጪ› አለኝ። ‹ወዴት ተዛወረ?› ስለው ‹እኔ ምን አውቄ› ብሎ ፊቱን አዞረ። እቤት ስገባ እናቴ ሳህኑን ከፍታ አየች። ምንም አልጠየቀችኝም።»

በዚያ ዘመን የኖረ ሰው የተመለሰ ስንቅ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። ግን መርዶ አይደለም፤ መርዶ ቢሆን ለቅሶ ይኖረው ነበር። ሞተ የሚል ሰው፣ የተፈረመ ወረቀት፣ የተረከቡት አስከሬን አልነበረም።

በ1969 ዓ.ም. ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። የደርግ ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሚያዝያ 9 ቀን በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሰብረው ቀይ ሽብርን ካወጁ በኋላ፣ ሬሳ ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ይገኝ ነበር፤ ደረቱ ላይ መፈክር ተለጥፎ። ቤተሰብ አስከሬኑን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ይከፍል ነበር። ማልቀስ የተከለከለበትም ብዙ ነው። ያ ሁሉ ጭካኔ ቢኖርም እናት ልጇን አይታ ዐፈር ታለብሰዋለች። ከዚያ በኋላ ግን ግድያው ወደ ሌሊትና ወደ ዝግ ግቢ ገባ። ጥይት ይሰማል፤ ገመድ አይሰማም።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከአምልኮ ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። መንግሥት «እኔ ጋ የሉም» አለ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ቆየት ብሎ ታስረው አሥር ዓመት ያህል በእስር ኖሩ። ባላቸው ታፍነው በተወሰዱበት ሌሊት መገደላቸውን አገር ያወቀው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ አጽማቸው በ1984 ዓ.ም. ሲወጣ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም እንዲሁ። አጽማቸው ከራስ አስራተ ካሳ ግቢ ተቆፍሮ ወጥቶ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አረፈ።

1984 የቁፋሮ ዓመት ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የተረሸኑት ወደ ስድሳ የሚጠጉ ባለሥልጣናት ከከርቸሌ እስር ቤት ግቢ ወጥተው ሐምሌ ላይ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ አጽም ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ወጣ። እስከ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. የቀብር ሥርዓት ድረስም በበዓታ ማርያም ቆየ። እነዚህ ሁሉ ስማቸው የገነነ፣ የተገደሉበትን ቦታ የሚጠቁም ሰው ያላጡ ናቸው። በየከፍተኛው በር ሽሮ ይዘው የተሰለፉት እናቶች ልጆችስ?

«ያኔ ሰፈሩ ሁሉ መርማሪ ሆነ» ይላሉ እትዬ። «ቡና በተፈላበት ወሬው እሱ ነው። አንዷ ‹ኮተቤ ነው፣ ሌሊት መኪና ሲመላለስ እህቴ ሰምታለች› ትላለች። ሌላው በሰበታ መንገድ ነው ይላል። እኔ ሁሉንም አምኛለሁ፤ ሁሉም ቦታ ሄጃለሁ። ‹ቁፋሮ አለ› ከተባለ ነጠላዬን አጣፍቼ እሮጣለሁ። በገመድ ይከልሉትና ወደ ኋላ ይመልሱናል። ከገመዱ ወዲህ ሆነን እንነጋገራለን፣ የአንቺ ምን ለብሶ ነበር፣ የአንቺስ ጥርሱ እንዴት ነበር እየተባባልን። የእኔ ወንድም አረንጓዴ ሹራብ ነበረው። እኔ ነኝ የሠራሁለት፤ እጅጌው ላይ ክር አንሶኝ ቡናማ ጨምሬበታለሁ። ያን እጅጌ በዓለም ላይ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም።»

ሴቶቹ ከገመዱ ወዲህ ቆመው ሲጠያየቁት የነበረው፣ ተምረው ባለሙያ ቢሆኑ የሚጠይቁትን ነበር። የአጽም ምርመራ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሟቹ በሕይወት ሳለ ቁመቱ ስንት ነበር? የተሰበረ አጥንት፣ የተነቀለ ጥርስ ነበረው? ሲወሰድ ምን ለብሶ ነበር?

ይህን ሙያ ወደ አዲስ አበባ ይዘው የመጡት አርጀንቲናውያን ናቸው፤ ታሪካቸውንም ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ልጆቻቸው በወታደራዊው አገዛዝ የታፈኑባቸው የአርጀንቲና እናቶች በቦነስ አይረስ የማዮ አደባባይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰቡት በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 22 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። በዚያው ቀን ዋዜማ ሌሊት በአዲስ አበባ ለሜይ ዴይ ሰልፍ ተዘጋጃችሁ ተብለው በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች ተገድለዋል። እነዚያ እናቶች ነጭ ሻሽ አስረው በወታደሮቹ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት እየዞሩ «ልጆቻችን የት ናቸው?» አሉ። ከመካከላቸው ራሳቸው ታፍነው የቀሩ አሉ። አገዛዙ ሲወድቅ በችኮላ በተደረገ ቁፋሮ ግሬደር አጥንቱን እየቀላቀለ ማስረጃውን አጠፋው። ቤተሰቦቹ ተቃወሙ። በ1984 እ.ኤ.አ. ክላይድ ስኖው የሚባሉ አሜሪካዊ የአጽም ሊቅ መጥተው ጥቂት ተማሪዎችን አስተባበሩና በመጥረጊያ ብሩሽና በማንኪያ መቆፈርን አስተማሯቸው። የናዚው ሐኪም የሜንገሌ አጽም ብራዚል ውስጥ ሲገኝ በመለየቱ ሥራ የተሳተፉት እሳቸው ናቸው። የተማሪዎቹ ስብስብ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ሆነ። በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ አገሪቱ የቤተሰብ ደም የሚቀመጥበት ብሔራዊ የዘረመል ባንክ በሕግ አቋቋመች።

ይህ ቡድን ነው የደርግን ወንጀል የሚመረምረውን የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ለመርዳት ወደ እኛ የመጣው። ኮተቤ ላይ ቆፍሮ የሠላሳ ሰዎችን አጽም አወጣ። አንገታቸው ላይ የናይለን ገመድ ነበር። ናይለን እንደ ጥጥ አይበሰብስም። ሥጋው ሲያልቅ፣ ልብሱ ሲበላ፣ ገመዱ እንደታሰረ ከአንገት አጥንቱ ጋር ቆየ። ጥይት የመታው አጥንት ራሱ ይናገራል፤ ታንቆ የሞተ ሰው አጥንት ግን ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። ገዳዮቹ ገመዱን ለመፍታት ባይሰንፉ ኖሮ እነዚያ ሰዎች እንዴት እንደሞቱ በፍርድ ቤት ማስረዳት እጅግ በከበደ ነበር። ከሠላሳው የተወሰኑት በስማቸው ተለይተው ለቤተሰብ ደረሱ። ሹራቡ ግን እዚያ አልነበረም።

የልዩ ዐቃቤ ሕግን ጽሕፈት ቤት ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 22/1984 ሁለት ነገር ተመኝቶ ነበር፤ ወንጀለኛውን ለፍርድ ማቅረብንና የተፈጸመውን ለትውልድ መዝግቦ ማቆየትን። ክሱ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. መሰማት ጀመረ። በጠቅላላው ከአምስት ሺህ በላይ ሰዎች ተከሰሱ። አሥራ ሁለት ዓመት ወስዶ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የደርግ አባላት ጥፋተኛ ተባሉ። በጥር የተሰጠው የዕድሜ ልክ እስራት በግንቦት 2000 ዓ.ም. በይግባኝ ሞት ሆነ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የሞቱ ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። ከዚያም ብዙዎቹ ከእስር ወጡ። መንግሥቱ ዚምባብዌ እንደሆኑ አሉ።

ዳኞቹን ያሳመነው በዋናነት ወረቀት ነው። ደርግ የሚጽፍ መንግሥት ነበር። የ«ነጻ እርምጃ»፣ ማለትም ያለ ፍርድ የመግደል፣ ውሳኔ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ይፈረምበት፣ ማኅተም ይደረግበት ነበር። ወረቀቱ ማን እንዳዘዘ ይናገራል። የት እንደተቀበረ ግን አይናገርም፤ ለክሱም ይህ አያስፈልግም። አንድን ባለሥልጣን ለመቅጣት የተፈረመ ትእዛዝና ጥቂት የምስክር ቃል ይበቃል። ቁፋሮው ክሱን እስከደገፈ ድረስ ተቆፈረ፤ ዶሴው ሲዘጋ አካፋው ተቀመጠ። እንደ እኔ እምነት ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ይፈልጋል፣ እህት ወንድሟን ትፈልጋለች። ሁለቱን ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት ስለያዛቸው አንዱ ሲያበቃ ሌላውም አብሮ ያበቃ መሰለ።

ጽሕፈት ቤቱ በ2002 ዓ.ም. «ደም ያዘለ ዶሴ» የተባለ ዘገባ አሳትሟል። በዚያው ዓመት በመስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። ግድግዳው ሙሉ በወጣቶች ፎቶግራፍ የተሸፈነ ነው። ከጅምላ መቃብር የወጡ አጥንቶችና ልብሶች በመስታወት ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ስም ያገኙም ያላገኙም። እትዬ አንድ ጊዜ ብቻ ሄደዋል።

«ልጆች ለጉብኝት መጥተው ነበር» አሉኝ። «አስጎብኚው ደህና አድርጎ ያስረዳቸዋል። እኔ ልብሱን ልብሱን ነው የማየው። አንዱ ጨርቅ አረንጓዴ መሰለኝና መስታወቱን ተደግፌ ቆምኩ። አስጎብኚው ‹እማማ፣ ይደክምዎታል፣ ይቀመጡ› አለኝ። ‹ይሄ ከየት ነው የወጣው?› አልኩት። ነገረኝ። የእኛ ከፍተኛ አልነበረም።»

ስማቸው ያልታወቀ አጽሞች ጉዳይ ዛሬ በማን እጅ ነው? ቤተሰብ መጥቶ ፈልጉልኝ ቢል የሚያስተናግደው ክፍል አለ? ይህን ይዤ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባልኩት መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ኃላፊው በአክብሮት ተቀበሉኝ፣ ሻይም አዘዙልኝ። ጥያቄዬን እንደሰሙ ግን «ይኼ በፍርድ ያለቀ ጉዳይ ነው» አሉ። ጥያቄዬ ስለ ፍርዱ እንዳልሆነ ስገልጽላቸው «በጽሑፍ አቅርብ» አሉኝ። አቀረብኩ። መልስ አልመጣም።

መሬቱም እንደነበረ አይቆይም። የከርቸሌው ዓለም በቃኝ እስር ቤት በ1999 ዓ.ም. አካባቢ ፈርሶ ቦታው ላይ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። ኮተቤም ያኔ ከከተማ ዳር ነበር፤ ዛሬ ቤትና አስፋልት ነው።

መቃብሮቹን ሊያውቁ የሚችሉ ሰዎችም ተበትነዋል። በ2003 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ዴንቨር ውስጥ አንድ የቀድሞ እስረኛ የከፍተኛ 15 ጠባቂ የነበረውን ሰው አይቶ ለየው። ሰውየው በሐሰተኛ ማንነት ዜግነት አግኝቷል ተብሎ ሃያ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ሄግ ያለው የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት ደግሞ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የቀድሞውን የደርግ ባለሥልጣን እሸቱ ዓለሙን በጎጃም በፈጸማቸው የጦር ወንጀሎች፣ በደብረ ማርቆስ የተገደሉትን 75 እስረኞች ጨምሮ፣ በዕድሜ ልክ እስራት ቀጣው። እሱ ፍርዱን አልተቀበለም። እንዲህ ያለ ቅጣት የሚጠብቀው ሰው መቃብር ለማሳየት እንደማይቸኩል ይገባኛል። ደቡብ አፍሪካ ይህን በሌላ መንገድ ሞከረች። የእውነት ኮሚሽኑ ከተናዘዙት ያገኘውን መረጃ ይዞ ፍለጋውን የሚቀጥል ቡድን በ2005 እ.ኤ.አ. በዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤቷ ሥር አቋቋመች። አርጀንቲናውያኑም አሠለጠኑላት። ያ ቡድን ችሎት የሚከራከርበት ክስ ባይኖረውም ይቆፍራል።

እዚህ የጎደለው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ጊዜም እያለቀ ነው። አጥንትን ከቤተሰብ ለማዛመድ ከሁሉ የሚሻለው የእናትና የአባት ናሙና ነው። ወላጆቹ አብዛኞቹ አልፈዋል። ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድምና እህት በእናት በኩል የሚወርደውን ዘረመል ስለሚጋሩ የእትዬ ምራቅ ዛሬም ሊያገለግል ይችላል። ናሙናው ተወስዶ ቢቀመጥ አጽሙ ከሃያ ዓመት በኋላ ቢገኝ እንኳ ይመሳከራል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥጥ፣ ፖስታ፣ ማቀዝቀዣና ኃላፊነት የሚወስድ አንድ ቢሮ ነው።

ይህንን ሳስረዳቸው እትዬ በጥሞና ሰሙኝ።

«ደምም ቢሉኝ ምራቅም ቢሉኝ እሰጣለሁ» አሉኝ። «ማንም ይታሰር አላልኩም፣ ገዳዩን አላውቀውም፤ እሱም ሳይሞት አይቀርም። አንተ ብቻ የት ሄጄ እንደምሰጥ አጣርተህ ንገረኝ። በእግሬ ሳለሁ።»