የአምስት ቤት አንድ ቆጣሪ



ባለፈው ረመዳን፣ በሦስተኛው ሌሊት፣ ተራዊሕ ሰግደን ስንወጣ አንዲት እናት በመስጊዱ በር ጠበቁኝ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። በከሰል ምድጃ ሳምቡሳ እየጠበሱ በመሸጥ ሦስት ልጆች ያሳድጋሉ። «ሸይኽ፣ ሱሑር የበላነው በስልክ መብራት ነው» አሉኝ። ጎረቤታቸው ፊውዙን ነቅሎባቸዋል። ቆጣሪው ያለው በእሱ ቤት፣ በሟች አባቱ ስም ነው።

በማግስቱ ከዙህር በኋላ ወደ ግቢው ሄድኩ። ፒያሳን ለሚያውቅ ሰው ግቢው እንግዳ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ወደ መንግሥት ከዞሩ በኋላ፣ ለአንድ ቤተሰብ የተሠሩ ብዙ ቤቶች በጊዜ ብዛት ተከፋፍለው የአራትና የአምስት ቤተሰብ መኖሪያ ሆነዋል። ክፍሉ በኮምፔርሳቶ ተከፋፈለ፣ ቆጣሪው ግን አንድ ሆኖ ቀረ። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ብዙው የፒያሳ ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ አካባቢ ቢሄድም፣ እንዲህ ያሉ ግቢዎች በአራዳም በሌሎች ክፍለ ከተሞችም ዛሬም አሉ።

ፊውዙን የነቀለውን ሰው ስሰማው እሱም ባለጸጋ አይደለም። ጫማ ይሰፋል። «ሸይኽ፣ የሦስት ወር ድርሻቸውን አልሰጡኝም። እንዳይቆረጥብን ከፍዬ ከፍዬ እኔም አቃተኝ» አለኝ። እናትየዋ ደግሞ «እኔ ያለችኝ ሁለት አምፖልና በሳምንት አንዴ የምትጣድ ምጣድ ናት፤ ለምን እኩል እከፍላለሁ?» ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ቢሉን አምጣ አልኩትና አብረን አነበብነው። ያን ጊዜ ነው ችግሩ ከሁለቱም ጠብ በላይ መሆኑ የገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን እንደሚያውቁት፣ እዚያ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ የሚያወጣውን ወጪ የሚደግፍ የፌዴራል ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ አለ። ሰውየው ያመለክታል፣ ገቢው ይታያል፣ ከሒሳቡ የተወሰነው ይከፈልለታል። በእኛ አገር ለመብራት ሒሳብ የሚሰጠው ዋናው እርዳታ ግን በታሪፉ ውስጥ ነው ያለው። ትንሽ የሚጠቀም በትንሽ ዋጋ ይከፍላል። በ2011 ዓ.ም የመብራት ታሪፍ ሲጨምር በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙ ቤቶች ጭማሪው አልነካቸውም ነበር። በዚያ ታሪፍ የመጨረሻ ደረጃ የዝቅተኛው እርከን ዋጋ 27 ሳንቲም ገደማ ሲሆን፣ ከ200 እስከ 300 ኪሎዋት ሰዓት ያለው እርከን 2 ብር ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እያደገ አራት ዓመት የሚዘልቅ አዲስ ታሪፍ ተግባራዊ ሆኗል። በዚህም ቢሆን ትንሽ ተጠቃሚው ይደጎማል። የተጨማሪ እሴት ታክስም ቢሆን በወር እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም መኖሪያ ቤትን አይመለከትም።

እርዳታው መልካም ነው። ግን የሚሰጠው ለሰው ሳይሆን ለቆጣሪ ነው። ቆጣሪው ከጀርባው ስንት ምድጃ እንዳለ አያውቅም። እስቲ እናስላው። አምስት ቤተሰብ እያንዳንዱ በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም፣ በየስሙ ቆጣሪ ቢኖረው ሁሉም ከዝቅተኛው እርከን አይወጣም። በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ ግን 225 ይሆናሉ። የድሃ እርከን አልፎ፣ የታክሱንም ወሰን አልፎ፣ ሰፊ ቪላ ካለው ሰው ጋር ይመደባሉ። ለድሃው የተመደበው እርዳታ፣ ከሁሉ የበለጠ ለሚያስፈልገው የቀበሌ ቤት ነዋሪ ሳይደርሰው ይቀራል ማለት ነው። ያ ጫማ ሰፊና እኚያ እናት የተጣሉት በዚህ ነበር።

በረመዳን ደግሞ ይብሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ያህል ይስባል። በሳምንት ለሁለት ሰዓት ቢጣድ 7፣ በወር 28 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከ50ው ግማሹ አለፈ ማለት ነው። በዚያ ላይ የሾርባው፣ የሱሑሩ ማሞቂያ፣ ሌሊቱን የሚበራው አምፖል አለ። መብራቱን የፈራ ቤት ወደ ከሰል ይዞራል። ከሰሉም ርካሽ አይደለም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥም ነፍስ ያጠፋል።

ከሃይማኖታችን አንጻር ይህ ጉዳይ ትንሽ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እሳትን ከውሃና ከግጦሽ ጋር ሰዎች ከሚጋሯቸው ነገሮች ቆጥረውታል። ልጆቻችን በቃል የሚይዟት የአል-ማዑን ሱራ ስሟን ያገኘችው ጎረቤት ለጎረቤት ከማይነፍገው ትንሽ የቤት እቃ ነው። ሙፈሲሮች ድስቱን፣ ባልዲውን፣ መጥረቢያውን ለምሳሌ ያነሳሉ። በዘመናችን ቢሆን የመብራት ገመዱም ከዚያው የሚቆጠር ይመስለኛል።

ራሳችንንም እንውቀስ። ለመስጊዱ የመብራት ሒሳብ ሲባል ሳጥኑ ወዲያው ይሞላል፣ አልሐምዱሊላህ። ከመስጊዱ አጥር ጀርባ በጨለማ ሱሑር የሚበላ ቤት እንዳለ ግን እኔም ኢማሙ አላወቅኩም ነበር። እናትየዋ ባይመጡ ኖሮ ዛሬም አላውቅም።

በዚያ ሰሞን ሰዎች ከጠየቁኝ ውስጥ ሦስቱን ላካፍላችሁ።

አንደኛው፣ «የዘካ ገንዘብ ለመብራት ሒሳብ ይሆናል ወይ?» የሚል ነው። በአት-ተውባ ሱራ 60ኛ አያ ዘካ የሚገባቸው ስምንት ወገኖች ተዘርዝረዋል። ድሆችና ሚስኪኖች አሉበት፣ በተፈቀደ ጉዳይ ዕዳ ገብተው መክፈል ያቃታቸውም አሉበት። ስለዚህ ለድሃው ዘካውን በእጁ ሰጥተነው ሒሳቡን ቢከፍልበት ችግር የለም። ባለዕዳ ከሆነም በእሱ ፈቃድ ለአበዳሪው መክፈልን ብዙ ዑለማዎች ይፈቅዳሉ። ለእናትና ለአባታችን የምንከፍለው ግን ከዘካ አይቆጠርም፤ እነሱን መቀለብ ግዴታችን ነውና።

ሁለተኛውን የጠየቀኝ ያው ጫማ ሰፊ ነው። «የሦስቱን ወር ዕዳ ትቼላቸው ዘካዬ ነው ልበል?» አለኝ። አብዛኞቹ ዑለማዎች ይህን አይቀበሉም፤ ዘካ መስጠት እንጂ የማይመለስ ዕዳን መሰረዝ አይደለም። ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ዘካውን ሰጥቷቸው፣ እሳቸው በራሳቸው ፈቃድ ዕዳቸውን ቢከፍሉበት ግን ይሆናል። ደግሞም ዘካ ባይባልም፣ ለተቸገረ ባለዕዳ ጊዜ መስጠት ትልቅ ነገር ነው፤ መማር ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ይህን የአል-በቀራ ሱራ 280ኛ አያ ያስተምረናል።

ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጠየቀኝ ወጣት ነው። «ከምሰሶው ገመድ ብቀጥልስ?» አለኝ። አይሆንም። የሕዝብ ሐቅ ነው፣ ልጆችንም ይገድላል። ድህነት ይህን ሐላል አያደርገውም።

ታዲያ ምን እናድርግ? በዚያ ግቢ ያደረግነውን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ቀን ፊውዙ ተመለሰ፣ ያለፈውን ዕዳ ከጀመዓው ሁለት ሰዎች ስማቸው እንዳይነሳ ብለው ከፈሉ። ከዚያ በየክፍሉ ትንሽ መለኪያ ቆጣሪ በባለሙያ ተገጠመ። ይህ ታሪፉን አይቀንስም፣ ነገር ግን ማን ስንት እንደተጠቀመ ስለሚያሳይ ጠቡን ያስቀራል። እናቶቹም ተነጋግረው ሐሙስ ሐሙስ በአንድ ምጣድ ተራ በተራ መጋገር ጀመሩ። ምጣዱ አንዴ ከጋለ ለአምስቱም ይበቃል፤ አምስት ጊዜ የሚባክነው ማጋያ ቀረ።

ዋናው መፍትሔ ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ በስሙ ቆጣሪ እንዲኖረው ማድረግ ነው። ለዚህ የቀበሌ ቤት ኪራይ ውልንና መታወቂያን ይዞ በአቅራቢያ ወዳለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል መሄድ፣ ወይም አስቀድሞ በ905 ደውሎ የሚያስፈልገውን መጠየቅ ይቻላል። ለድሃ ቤተሰብ ከባዱ የማስገቢያው ክፍያ ነው። ሰደቃ ለመስጠት ለምታስቡ ሁሉ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለአንድ ቤተሰብ የአንድ ወር ሒሳብ መክፈል መልካም ነው፤ የቆጣሪ ማስገቢያውን መክፈል ግን ያ ቤተሰብ ታሪፉ የሚሰጠውን ድጎማ በየወሩ በራሱ ስም እንዲያገኝ ያደርገዋል። አንድ ጊዜ የተሰጠ ሰደቃ ዓመታት ይሠራል።

ርቀው ያሉ ልጆችም ሊረዱ ይችላሉ። የደንበኛውን መለያ ቁጥር የያዘ ሰው በቴሌብር ወይም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኩል የጎረቤቱንም የአክስቱንም ሒሳብ መክፈል ይችላል። ተቀባዩ በር ላይ አይቆምም፣ ሰጪውም አይታይም። በ2009 ዓ.ም በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች በተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ሊታቀፍ የሚገባ የእጅግ ድሃ ቤተሰብ ጎረቤት ካለም ወደ ወረዳው አብሮ መሄድ ያስመነዳል። ብዙዎቹ የሚቀሩት ቢሮ መግባት ስለሚፈሩ ነው።

ከአምስቱ ቤተሰብ እስከዛሬ ሁለቱ የራሳቸውን ቆጣሪ አግኝተዋል። ሁለቱ ይጠብቃሉ። የእኚያ እናት ማመልከቻ ግን ቆሟል፤ የኪራይ ውሉ በሟች ባለቤታቸው ስም ስለሆነ መጀመሪያ እሱ መዞር አለበት። አብሯቸው ወደ ወረዳው የሚመላለሰው ያ ጫማ ሰፊ ነው።

ዛሬ ማታ ካፈጠራችሁ በኋላ በግቢያችሁ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። በተራዊሕ ሰዓት መብራት የማይታይበት መስኮት ካለ አንኳኩና ጠይቁ። አላህ ጾማችንን ይቀበለን።