ስለ አጋምና ስለ ግብጦ



የዛሬው ንግግራችን ከግቢ አጥር አያልፍም። ከጎንደር ከተማ ወደ ሳንጃ የተዛወረ፥ ወይም ከሌላ አገር ወደ ጎንደር የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ተከራይቶ በገባ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚቀበለው የተራቈተ ግቢ ነው። ዕቃው ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ «እዚህ ላይ ምን ልትከል?» የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። ለዚህ ጥያቄ ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ ጽጌረዳ ወይም ከሩቅ አገር የመጣ የአበባ ዘር ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው ሁሉም ሰው የሚያውቃቸውን፥ ነገር ግን የጓሮ ተክል ናቸው ብሎ የማያስባቸውን አጋምንና ግብጦን ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በሰሜን አሜሪካ አትክልተኞች ዘንድ ኤልደርቤሪ የሚባል ቍጥቋጦና ብሉቦኔት የሚባል ሰማያዊ አበባ ለግቢ ጌጥ ይፈለጋሉ። ኤልደርቤሪ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ፥ ነጭ አበባውን እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ፥ ጥቁር ፍሬ በዘለላ የሚያፈራ፥ እርጥብ መሬት የሚወድና ብዙ ዓመት የሚኖር ነው። ብሉቦኔት ግን ከክንድ የማይበልጥ፥ ከብርዱ ወራት በፊት ተዘርቶ ብርዱ ሲያልፍ የሚያብብ፥ ዘሩን አፍርቶ በዚያው ዓመት የሚደርቅ ነው። የቴክሳስ ግዛት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1901 ዓ.ም. የግዛቱ አበባ አድርጎ መርጦታል። ብሉቦኔትን የጎጃም ገበሬ ቢያየው ባዳ አይሆንበትም፤ እንደ እጅ ጣቶች የተዘረጋው ቅጠሉና ደረጃ በደረጃ የተሰካው አበባው የግብጦ የቅርብ ዘመድ መሆኑን ይነግሩታልና። ኤልደርቤሪ ከአጋም ጋራ በዘር አይገናኝም። ነገር ግን ነጭ አበባ፥ ጥቁር ፍሬ፥ ለዓመታት የሚቆም ግንድ ለሚፈልግ ሰው በእኛ አገር ቦታውን የሚይዝለት አጋም ነው።

አጋም በበጋም ቅጠሉ የማይረግፍ፥ ጠንካራ እሾህ ያለው ቍጥቋጦ ነው። አበባው ትንንሽና ነጭ፥ በውጭ በኩል ቀላ ያለ፥ ሽታውም ደስ የሚያሰኝ ስለ ሆነ ንብ ይወደዋል። ፍሬው በመጀመሪያ አረንጓዴ፥ ቀጥሎ ቀይ፥ ሲበስል ጥቁር ይሆናል፤ በልጅነቱ ከብት የጠበቀ ሰው ጣዕሙን አይረሳውም። የእሾሁን ነገር ግን ተረቱ ይናገራል፤ «ከአጋም የተጠጋ ቍልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ይባላል። ነፋስ ባወዛወዘው ቍጥር እሾሁ ቍልቋሉን እየወጋ ነጭ ወተቱን ያፈስሰዋል። ተረቱ ስለ ክፉ ጎረቤት የተነገረ ቢሆንም በአትክልተኛ ዓይን ሲታይም የሚረባ ምክር ነው። አጋም ከአጥር ጋራ እንጂ ከበር አጠገብ፥ ልብስ ከሚሰጣበት ወይም ልጆች ከሚሮጡበት ቦታ አይተከልም። በአጥርነቱ ግን የሚወዳደረው ጥቂት ነው፤ ተከርክሞ ከጠነከረ ፍየልም ሌባም ሁለት ጊዜ አስቦ ነው የሚጠጋው። ድክመቱ እድገቱ ዘገምተኛ መሆኑ ነው፤ ትዕግሥት ለሌለው ሰው አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ብዙ ሰው የአጋምን ችግኝ የሚያመጣው ከጫካ ነቅሎ ነው። በዚያው ጫካ ግን ምረንዝ የሚባል፥ የአጋም ወገን የሆነ፥ ቅጠሉም አበባውም ፍሬውም አጋምን የሚመስል ተክል ይበቅላል። ምረንዝ በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ለፍላጻ መርዝ ሲያወጡበት የኖሩ ነው፤ መርዙም ልብን የሚያቆም ነው። የሚለዩበት ምልክት አጋም እሾህ ሲኖረው ምረንዝ እሾህ የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ እሾህ የሌለውን «አጋም» ማንም ወደ ግቢው አያግባ። የእውነተኛው አጋም የበሰለ ፍሬ ይበላል፤ ሥሩንና ቅርፊቱን ግን፥ ምንም እንኳ በባህል መድኃኒትነት የሚፈልጋቸው ሰው ቢኖር፥ በገዛ ግምት ቀቅሎ መጠጣት አደገኛ ነው።

ወደ ግብጦ እንመለስ። ግብጦን የጎጃም፥ የአገው ምድርና የደቡብ ጎንደር ገበሬ የሚዘራው ብዙውን ጊዜ ሌላ እህል እምቢ ባለው መሬት ላይ ነው። ብዙ እርሻና ብዙ አረም አይጠይቅም። በዚህ ምክንያት ክብሩ ዝቅ ብሎ የደኸየ መሬት እህል ተደርጎ ይታያል። በላቲን ቋንቋ የወገኑ ስም ከተኵላ ስም ጋራ የተያያዘ ሲሆን፥ መሬትን እንደ ተኵላ ይበላል ተብሎ ስለ ታመነ ነው የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ኮሉሜላ የተባለው የሮም የእርሻ ጸሐፊ ገና በመጀመሪያው መቶ ዓመት ግብጦን ለደከመ መሬት እንደ ፍግ የሚያገለግል አድርጎ ጽፎታል።

ምክንያቱን የዛሬ ዕውቀት ገልጦታል። የግብጦን ሥር ነቅላችሁ ብታዩ ትንንሽ እባጮች ታገኛላችሁ። በእባጮቹ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጂን ይዘው ተክሉ ወደሚመገበው መልክ ይለውጡታል። ይህን ባቄላም አተርም ያደርገዋል። ግብጦ ከእነርሱ የሚበልጠው በሌላ ነገር ነው፤ አንዳንድ ሥሩ እንደ ብሩሽ ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅልና ሎሚን የሚያኮመጥጠውን የመሰለ አሲድ ወደ አፈሩ ያፈስሳል። በቀይ መሬት ውስጥ ታስሮ የተቀመጠው ፎስፎረስ በዚህ አሲድ ተፈትቶ ለተክሉ ይደርሰዋል። እንግዲህ ለጎመንና ለድንች የሚመኙት ነገር ግን የደከመ ቀይ አፈር ያለው ጓሮ በመጀመሪያው ዓመት ግብጦ ቢዘራበት ሁለት ጥቅም ይገኛል፤ ነጭ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አበባ ያያሉ፥ አፈሩም ይታደሳል። ግብጦ ውሃ የሚያቁር ዋልካንና ኖራ የበዛበትን አፈር አይወድም፤ ዘመዱ ብሉቦኔት ግን ኖራማውን መሬት ይወዳል። ግብጦ ተዘርቶበት በማያውቅ ቦታ ላይ፥ ከቆየ የግብጦ ማሳ አንድ ሁለት እፍኝ አፈር አምጥቶ ከዘሩ ጋራ መበተን እባጮቹን ለሚሠሩት ተሕዋስያን መንገድ ይከፍታል።

ከፍታን መርሳት አይገባም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ወይና ደጋ ስለ ሆነ ሁለቱንም ይቀበላል። በትክል ድንጋይ በኩል ቍልቍል ተወርዶ ሳንጃ ሲደረስ ግን አገሩ ሌላ ነው፤ የታች አርማጭሆ ቆላ ሰሊጥ፥ ማሽላና ጥጥ ያበቅላል እንጂ ለግብጦ ሙቀቱ ይከብደዋል። ግብጦ በአገራችን የለመደው ከ1,500 ሜትር በላይ ያለውን ምድር ነው። ስለዚህ ሳንጃ ላለው ሰው ምክራችን አጭር ነው፤ አጋም ይትከል፤ በመጀመሪያው በጋ ውሃ ያጠጣው፤ ከዚያ በኋላ ራሱን ይችላል።

ጎንደር ላለው ሰው ግን ምርጫው በቤተ ሰቡ ላይ የተመሠረተ ነው። የአገራችን ግብጦ ዘሩ መራራ ነው፤ የሚያመርረውም መርዝ ነው። ሳይዘጋጅ የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፥ ዓይኑ ይደበዝዛል፥ ራሱን ያዞረዋል፥ ልቡ ይመታል፤ በተለይ ለሕፃን ብርቱ ነገር ነው፥ ወዲያው ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል። የጎጃም እናቶች ግብጦውን ቈልተው፥ በጆንያ አድርገው፥ በወራጅ ወንዝ ውስጥ ለብዙ ቀን የሚዘፈዝፉት መርዙን ውሃ እንዲወስደው ነው። ግብጻውያንም ተርሙስ ብለው በየመንገዱ የሚሸጡትን ግብጦ እንዲሁ በውሃ ያጣፍጡታል። በጀርመን አገር ራይንሆልድ ፎን ዘንግቡሽ የተባለው ተመራማሪ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1927 እስከ 1929 ዓ.ም. መርዙ እጅግ ያነሰበትን ጣፋጭ ግብጦ ከመራራው መካከል መርጦ አውጥቷል፤ በገበያችን የሚገኘው የአገር ዘር ግን መራራ ነው ብሎ መያዝ ይሻላል።

በባዕድ አገርም ቢሆን ያማረ ፍሬ ሁሉ እንደ ተለቀመ አይበላም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1983 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በአንድ ስብሰባ ላይ የነበሩ ሰዎች ከነቅጠሉና ከነቅርንጫፉ የተጨመቀ የኤልደርቤሪ ጭማቂ ጠጥተው ታመሙ፤ ስምንቱ በሄሊኮፕተር ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ፥ ሁሉም ዳኑ። በተክሉ ቅጠልና ግንድ ውስጥ ሲያናይድ የሚያወጣ ነገር አለ። ፍሬው በእሳት ከበሰለ በኋላ ግን ያው ሰው ማርመላታ እየሠራ ይበላዋል።

ዝውውር የሚጠብቀው ሠራተኛ «ለሌላ ሰው ምን አደከመኝ» ብሎ አጋምን ይተወው ይሆናል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የሚሄድ ሰው የአጋሙን አጥር ሙሉ ሆኖ አያየውም፥ ግብጦው ግን በክረምት ተዘርቶ በበጋ ይታጨዳል። ሆኖም ዛሬ የምንጠለልበትን ዛፍ የተከለውም ሰው እንዲሁ አስቦ ቢሆን ኖሮ የምንቀመጠው ፀሐይ ላይ ነበር። ትንንሽ ልጆች ያሉት ሰው አጋሙን በአጥሩ ዳር ይትከል፤ ግብጦውን ግን ልጆቹ ከፍ እስኪሉ ያቈየው። ልጅ የሌለው ወይም ልጆቹ ያደጉለት ሰው ሁለቱንም በአንድ ክረምት ሊጀምር ይችላል። አጋሙ ገና ትንሽ ሳለ በመካከሉ ያለው ባዶ መሬት ለግብጦው ይበቃዋል።

ለአበባውና ለአፈሩ ብቻ የዘራ ሰው ግብጦው ካበበ በኋላ ዘሩ ሳይጠነክር አጭዶ እዚያው ከአፈር ጋራ ይቀብረው። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ የተሻለ ነው፤ ለቍርስ የሚሆን ግብጦ ብዙ ውሃ ይፈጃልና። ዘሩን ለመብላት የፈለገ ግን ዛላው ሲደርቅ ይልቀመው፤ የግብጦ ዛላ እንደ ብሉቦኔት ፈንድቶ ዘሩን ስለማይበትን ጥቂት ቀን ቢዘገዩም ይጠብቃል። ከተቈላ በኋላ ውሃው በየቀኑ ይለወጥ፤ የተደፋው ውሃም ዶሮና ላም ከሚጠጡበት ቦታ ይራቅ። ከሳምንት ገደማ በኋላ አንድ ፍሬ ተልጦ ይቀመስ፤ ምላስ ላይ ጥቂትም ምሬት ከቀረ ተተፍቶ ግብጦው እንደገና ይዘፍዘፍ።