7381፦ የመተማው ዘመን በባሕረ ሐሳብ

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር የገጠሙት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። ቆስለው በማግስቱ ዐረፉ፤ ከሱዳኗ ገላባት ፊት ለፊት ያለችው የጠረፍ ከተማ ዛሬም በስማቸው መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ታሪክ ጸሐፊ ዓመቱን 1881 ብሎ ያልፋል። የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ግን 5500ውን ዘመነ ፍዳ ይደምርበትና 7381 ዓመተ ዓለም ይለዋል። ሒሳቡ ሁሉ የሚፈታው ከዚህ ቁጥር ነው።

7381 ለ4 ሲካፈል 1845 ደርሶ 1 ይተርፋል፤ 1 ከተረፈ ዘመኑ ማቴዎስ ነው። 1845ቱ መጠነ ራብዒት ይባላል። ከ7381 ጋር ሲደመር 9226 ይሆናል፤ ይህም ለ7 ተካፍሎ ምንም ስለማይተርፍ መስከረም 1 የዋለው ሰኞ ነው። ከዚያ 180 ቀን ተቆጥሮ መጋቢት 1 ቅዳሜ ላይ ይወድቃል።

7381 ለ19 ሲካፈል ደግሞ 9 ይተርፋል። አንዱ ለዘመን ሲተው ወንበሩ 8 ነው። 8 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 28፣ 8 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 2 ይሆናል። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሞሉ አስሊው የሆነ ቦታ ተሳስቷል። መጥቅዕ ከ14 ስላነሰ ጥቅምት 2 ሐሙስ ይውላል፤ የሐሙስ ተውሳክ 3 ሲታከልበት 5 ነው። ስለዚህ ነነዌ የካቲት 5፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 19፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 14። ንጉሠ ነገሥቱ ያረፉበት እሑድም የምኩራብ ሰንበት ነበረ።

ቁጥሩ ከዘመን አቆጣጠር ተነጥሎም የሚደነቅ ነው። የመተማ ቆላ የሰሊጥ አገር ነውና በጆንያ እንየው፦ ከላይ 1፣ ከሥሩ 2፣ ከዚያም 3 እየተባለ እስከ 121 ቢደረደር ክምሩ ልክ 7381 ጆንያ ይወጣዋል። 1፣ 9፣ 81፣ 729 እና 6561 ሲደመሩም ያው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። አንድ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ እየተባለ እስከ አንድ ዐሥረኛ ሲደመር ውጤቱ 7381 ሲካፈል ለ2520 ይሆናል። 2520 ከ1 እስከ 10 ላሉት ቁጥሮች ሁሉ ያለ ቀሪ የሚካፈል ትንሹ ቁጥር ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዎልስተንሆልም በ1862 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ሕግ አለ፦ ከ3 የሚበልጥ፣ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር ተወስዶ እስከ እርሱ ቀዳሚ ድረስ እንዲህ ሲደመር፣ የክፍልፋዩ የላይኛው ቁጥር በዚያ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይካፈላል። 11 እንዲህ ያለ ቁጥር ነው፤ 7381ም 11 በ11 በ61 ነው።

ይህን የንጉሡ ሞት ምልክት ነው ብሎ መተርጎም ግን ስሕተት ነው። በ4፣ በ7 እና በ19 የተገኙት ቀሪዎች ስለ ዕለቱ ይናገራሉ፤ አባዢዎቹ ስለ ቁጥሩ ብቻ።

4፣ 7 እና 19 የጋራ አካፋይ የላቸውምና ተባዝተው 532፣ ማለትም ዐቢይ ቀመርን ይሰጣሉ። 7381 የ14ኛው ቀመር 465ኛ ዓመት ነው። 532 ሲጨመርበት 7913፣ በእኛ 2413 ዓ.ም. ይሆናል፤ ያን ጊዜም መጋቢት 1 ቅዳሜ፣ ፋሲካ ሚያዝያ 14 ይውላል።