ያውቁ ኖሯል? የድመት ጉንፋን አቦሸማኔን እንደሚያሳውር

የቤት ድመትን የሚያስነጥሳትና ዓይኗን የሚያስለቅሳት የድመት ሄርፒስ ቫይረስ አንበሳንና አቦሸማኔንም ይይዛል። ሰውን ግን አይነካም።

ከንፈራችን ላይ ምች የሚያወጣብን ቫይረስ የዚህኛው ዘመድ መሆኑንስ? ሁለቱም አንዴ ከገቡ አይወጡም፤ የፊት ነርቭ ሥር አድፍጠው ይከርማሉ። እኛን ሲያተኩሰን ወይም ሲደክመን ምቹ ብቅ እንደሚል ሁሉ፣ አቦሸማኔም ሲጨነቅ ቫይረሱ ይነሳበታል።

ታዲያ አጥር ውስጥ ያሉት ሲታወሩ ዱር ያሉት ለምን ብዙም አይታወሩም? የሴሬንጌቲ አንበሶች ደም ሲመረመር ሁሉም ማለት ይቻላል ቫይረሱ እንዳገኛቸው ታይቷል፤ አደናቸውን ግን አላቋረጡም። በአጥር የሚኖሩ አቦሸማኔዎች ከናሚቢያ የዱር አቦሸማኔዎች ጋር ሲነጻጸሩ የጭንቀት ሆርሞናቸው ከፍ ያለ፣ ሆርሞኑን የሚያመነጨው ዕጢም የገዘፈ ሆኖ ተገኝቷል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በአቦሸማኔ ዘር ላይ ይጥላል። እውነት ነው፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የማይዛመዱ አቦሸማኔዎች ቆዳ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲለጠፍ ሰውነታቸው እንደ ባዕድ አልቆጠረውም፤ ያን ያህል ይመሳሰላሉ። ዱር ያለውም ግን ያው ዘር ነው! እኔን ብትጠይቁኝ ዋናው ጣጣ አጥሩ ነው።

በሽታው ሲነሳ የአቦሸማኔው ዓይን ይቀላል፣ ይጨናበሳል፣ ያለማቋረጥ ያነባል። ከዚያ ኮርኒያ የሚባለው ጥርት ያለው የዓይን የፊት ሽፋን ይቆስላል፤ ቁስሉ ቢድንም ነጭ ጠባሳ ትቶ ብርሃን ይጋርዳል። አንዳንዱ ቆዳውም ይቆስላል፤ ቁስሉም የሚበዛው እንባና ምራቅ በሚነካቸው ቦታዎች፣ ፊቱና የፊት እግሮቹ ላይ ነው።

ለሰው ሄርፒስ የተሠራው ፋምሲክሎቪር ለድመት ዘሮችም ይሰጣል። የቅርብ ዘመዱ ቫላሳይክሎቪር ግን ድመትን ሊገድል ይችላል። ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታም ቁስሉን ያባብሳል። ክትባቱስ? በሽታውን ያቀለዋል እንጂ ቫይረሱ እንዳይገባ አያግድም።

ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልልና ከአካባቢው የሚሰረቁ የአቦሸማኔ ግልገሎች በሶማሌላንድ በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሻገራሉ። ብዙዎቹ በረሃብና በውኃ ጥም መንገድ ላይ ይቀራሉ። ተርፎ የሀብታም ሳሎን የገባው ደግሞ እቤቱ ድመት ካለች ቫይረሱን ለማግኘት አንድ ማስነጠስ ይበቃዋል።