ጡብና አትክልት፦ የፓርክሊስ አፓርታማዎች

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩ የእንግሊዝ አፓርታማዎች ሲነሱ፣ ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ ድቅን የሚለው ዝናብ ያጠቆረው ኮንክሪትና አንገት ቀና የሚያስደርግ ፎቅ ነው። እንዲህ ያለው ግንባታ መኖሩ እውነት ነው። ዘመኑን በሙሉ በእሱ መመዘን ግን ግፍ ነው።

በለንደን ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ ሃም በተባለው ሰፈር የሚገኘው ፓርክሊስ በ1950ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ተሠራ። 169 መኖሪያዎች አሉት፤ ከምድር ቤቱ ጋር ቢቆጠር እንኳ ከሦስት ደርብ አያልፍም። ግድግዳው ጡብ ነው፤ ከፊሉም እንደ ዓሣ ቅርፊት የተነባበረ ንጣፍ ለብሷል። አርክቴክቱ ኤሪክ ላየንስ ዘመናዊነቱን ያሳየው በሰፋፊ መስኮቶች እንጂ በግዝፈት አይደለም።

ሸሪኩ ጄፍሪ ታውንሰንድም አርክቴክት ነበር። የያኔው የሙያ ደንብ አርክቴክት ቤት ሠርቶ ሻጭ እንዳይሆን ስለሚከለክል፣ ከሙያ ማኅበሩ ወጥቶ ሥራውን መራ። ድርጅታቸው ስፓን ይባል ነበር።

የፓርክሊስ ትልቁ ነገር ግን ደጁ ነው። ቦታው ቀድሞ የችግኝ ጣቢያ ስለነበር ሕንፃዎቹ የቆሙት በነበሩት ዛፎች መካከል ነው። በየቤቱ ፊት አጥር የለም፤ ሣሩም ቁጥቋጦውም የጋራ ነው። የጋራ የሆነ ነገር ባለቤት ያጣል እንዳይባል፣ ቤት የገዛ ሁሉ የነዋሪዎች ማኅበር አባል እንዲሆን ተደረገ፤ አትክልተኛውን የሚቀጥረው፣ ደረጃውን የሚያስጠርገው፣ መዋጮውን የሚሰበስበው ማኅበሩ ነው። አትክልቱን ወድዶ ቤት ገዝቶ፣ መዋጮ ሲጠየቅ የሚያጉረመርም ሰው ምን እንደገዛ አልገባውም።

ይህ ሁሉ ያለ ጠብ አልመጣም። በለንደኑ ብላክሂዝ ስፓን የሠራው ሆልጌት የተባለው ሕንፃ ከአካባቢው ባለሥልጣናት ጋር አሟግቷል። በ1958 ቀራፂው ኪት ጎድዊን በመተላለፊያው ግድግዳ ውስጥ በድንጋይ መካከል የተጨፈለቀ ሰው ቀረፀ። ርዕሱ «አርክቴክቱ በኅብረተሰቡ ውስጥ» ነው፤ ላየንስ ቂሙን የተወጣው በቀልድ ነበር።

ፓርክሊስ በ1998 በቅርስነት ተመዝግቧል። ጥበቃው የውጩን ብቻ ሳይሆን የውስጡንም ይጨምራል፤ የሕንፃውን መልክ የሚነካ ለውጥ ያለ ፈቃድ ማድረግም በእንግሊዝ ሕግ ወንጀል ነው። «መስኮት ብቻ ነው የቀየርኩት» የሚል ሰው አይጠፋም። መስኮቱ ግን የሕንፃው ፊት ነው፤ ቀጭኑ ፍሬም ወጥቶ ወፍራም ፕላስቲክ ሲገባ መስተዋቱ ይጠባል፣ የፊት ገጹም ሚዛኑን ያጣል። የሚሻለው ሠራተኛ ከመጥራት በፊት ለሪችመንድ ምክር ቤት ማመልከት ነው።