ጥድ ምን ይፈልጋል?

በደቡብ ጎንደር፣ ከአርብ ገበያ ከተማ ወጥቶ በጋይንትና በእስቴ የሚጓዝ ሰው ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ካየ፣ እዚያ ደብር አለ ማለት ነው። ከወይራው መሀል ሽቅብ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ የሐበሻ ጥድ ነው። በለጋነቱ ጫፉ ሾሎ ወገቡ ጠቦ ያድጋል፤ ሲያረጅ ቅርንጫፉ ይዘረጋል። ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመው ከታች ጀምሮ ይንሰራፋል፤ ተጠጋግቶ የበቀለው ግን ብርሃን ፍለጋ ቀጥ ይላል።

ጠባብና ቀጥ ያለ ዛፍ ፈላጊው ብዙ ነው። እኛ ዘንድ ለዚህ የሚተከለው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገው የፈረንጅ ጥድ ነው። ችግኝ ሳሉ ሁለቱን ጥዶች መለየት ያስቸግራል፤ ፍሬያቸው ግን አያሳስትም። የፈረንጁ እንደ እንጨት የጠነከረ ድቡልቡል ነው፤ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ዘሩን ይበትናል። የሐበሻው ከሽምብራ የማይበልጥ፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር፣ ላዩ ዱቄት የነካው የሚመስል ነው፤ ወፍ በልታ ዘሩን ታሰራጫለች። ወንዱና ሴቴው አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ስለሚበቅሉ፣ ፍሬ የሌለው ጥድ ሁሉ መካን አይደለም።

የሐበሻ ጥድ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ያለው ደጋና ወይና ደጋ ይስማማዋል። ሥር ከሰደደ በኋላ ድርቅ ይችላል፤ ውሃ የሚተኛበት ዋልካ ግን አይሆነውም። ችግኙ ክረምቱ እንደገባ ቢተከል በጋው ሳይደርስበት ሥር ይይዛል።

ይህን ሁሉ አሟልቶ ከብት የለቀቀ ሰው ግን ልፋቱ ከንቱ ነው፤ የጥድ ዋና ችግር ውሃ አይመስለኝም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ያካሄዱትና በ2007 እ.ኤ.አ. ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት፣ ከብት የሚግጠውና የሚረግጠው ደን ወጣት ዛፍ መተካት እንደሚያቅተው አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ በአንዳንድ ደብሮች ደኑ በድንጋይ ካብ ታጥሯል። ድንጋዩ ከእርሻ የተለቀመ ስለሆነ ማሳውም ይጠራል፤ ከሰማኋቸው የደን ሥራዎች ሁሉ ይህን ያህል ርካሽ የለም።

ያም ሆኖ ገበሬው ከጥድ ይልቅ ባሕር ዛፍን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ጥድ አያቆጠቁጥም። ምስጥ የማይደፍረውን ማገር ከጥድ ያወጣ ሰው እንደገና ከዘር ይጀምራል።