ውድ ብዕር በምን ይመዘናል?

ማይስተርሽቱክ 149 የተባለውን የሞንብላን የቀለም ብዕር ከአጎቴ ተውሼ ለአንድ ሳምንት ማስታወሻ ያዝኩበት። በመልኩ አልከራከርም፤ ጥቁር፣ ወፈር ያለ፣ ክዳኑ አናት ላይ ነጭ ኮከብ ያለው ነው። የወርቅ ጫፉ ላይ የተቀረጸው 4810 የሞንብላን ተራራ ከፍታ በሜትር ነው።

አጻጻፉስ? ጫፉ መሀሉን በቀጭኑ ስለተሰነጠቀ ቀለሙ በስንጥቁ እየተሳበ ራሱ ይወርዳል። እንደ እስክሪብቶ መጫን የለም፤ ጣትም አይደክምም። ወረቀት ግን ይመርጣል። በስስ ደብተሬ ላይ ቀለሙ ተዘርግቶ በጀርባ ወጣ። በቃለ መጠይቅ መሀል ደግሞ ቀለሙ ሳይደርቅ ገጹን ስገልጥ አንድ ቁጥር በእጄ አበስኩና እንግዳዬን መልሼ ደውዬ ጠየቅሁ። ጥፋቱ የብዕሩ ሳይሆን የእኔ ጥድፊያ ነው። ቢሆንም ለእኛ ሙያ ዋናው መመዘኛ የጻፍነው በኋላ መነበቡ ነውና፣ ለደብዳቤ 149ን፣ ለዜና እስክሪብቶዬን እመርጣለሁ።